ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ወፍ ማየት ጸሎት ይባላል ወይ? (ክርክር)

የቁስቋሟ፦
ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ጎንደር ያለ የአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ሐሳብ አመጡ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት ግቢው ውስጥ ካሉት ዛፎች ሥር ዝም ብሎ መቀመጥ። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም። ማየትና መስማት ብቻ። "ይሄም መንፈሳዊ ልምምድ ነው" ይላሉ። ግማሹ ምእመን ደገፈ፣ ግማሹ "ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ጉድ ነው" አለ።

እኔ ደግፌያለሁ። ባለፈው እሁድም ሞከርኩት። አልዋሽም፣ የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ስለ ጤፍ ዋጋ ሳስብ አለቀ። ከዚያ አንድ ጉንዳን ዓይኔ ገባ። የዝክር ዳቦ ፍርፋሪ ይዞ የጽዱን ሥር ሊወጣ ይታገላል። ፍርፋሪው እሱን ያክላል። ሦስቴ ወደቀ። በአራተኛው ዞረና የኋሊት እየጎተተ ወጣ። በዚያ ጽድ ሥር 12 ዓመት ተመላልሻለሁ፤ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የአዘዞው፦
እኔ አልስማማም እህቴ። ጉንዳን ማየት ክፉ ነው አላልኩም። ግን ስም አናምታታ። ጸሎት ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገር ነው። ይሄ "ሜዲቴሽን" የሚሉት ነገር ነጠላ ለብሶ የመጣ ነው የሚመስለኝ። ደግሞ አገራችንን እናውቃታለን፤ አድባር ነው እያለ ዛፍ ቅቤ የሚቀባ ዛሬም አለ። ዛሬ "ዛፉን ተመልከት" ያልነው ልጅ ነገ ዛፉን ቢለማመነውስ? ሌላም ልጨምር። እነዚሁ ልጆች ለማለዳው የኪዳን ጸሎት ተነሡ ሲባሉ እንቅልፍ ነው። ለወፍ ግን ጊዜ ተገኘ።

ቀሃ ማዶ፦
የመጨረሻዋ እውነት ናት 😂 እኔም ለኪዳን አልነሣም።

የአብነት ተማሪ፦
ወንድሜ የአዘዞው፣ የአድባሩ ስጋትህ ይገባኛል። "የመጣ ነው" ያልከው ላይ ግን ቆም በል። ቤተ ክርስቲያናችን ክረምቱን በምንድን ነው የምትከፍለው? መጀመሪያ ዘርና ደመና ይታሰባል። ቀጥሎ መብረቅና ነጐድጓድ። ነሐሴ ላይ እጓለ ቋዓት ይባላል። የቁራ ጫጩቶች ማለት እኮ ነው! ቁራ ጫጩቶቹን ጥሎ ሲሸሽ ፈጣሪ ይመግባቸዋል እያሉ አባቶች ያስተምራሉ። አስበው፤ ለቁራ ጫጩት በዓመቱ ውስጥ ቦታ የሰጠ ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ ጎጆውን ያየ ሰው ነው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ደግሞ ዘመነ ጽጌ ነው። ኅዳር 6 ቁስቋም ማርያም የምንወጣው 40 ቀን ሙሉ ስለ አበባ ሲዘመር ቆይቶ ነው። ቅኔ ቤትም ብትሄድ ያው ነው። ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር፣ ማለት አዲስ ቅኔ ሊያዘጋጅ ሲል ከሰው ርቆ ዛፍ ሥር ይሄዳል። ሰሙን ከየት ያመጣዋል? ካየው ነገር ነዋ። ጌታም ቢሆን የሜዳ አበቦችን ልብ አድርጋችሁ ተመልከቱ ነው ያለው።

የአዘዞው፦
ጽጌ ያልከው ምሳሌ ነው። አበባዋ እመቤታችን ናት፣ ፍሬው ጌታ ነው፤ የስደታቸው መታሰቢያ ነው። ማኅሌት የሚቆመው ለአደይ አበባ አይደለም። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ምስጋና የሌለበት ማየት ሽርሽር ነው።

የአብነት ተማሪ፦
እዚህ ላይ ግማሹን ረትተኸኛል። ግማሹን ግን አልለቅም። አበባ ልብ ብሎ አይቶ ለማያውቅ ሰው ምሳሌው ምን ይነግረዋል?

አዲስ ዓለም፦
ጣልቃ ልግባ፣ ሙስሊም ነኝ። ቁርኣንም ግመል እንዴት እንደተፈጠረች፣ ሰማይ እንዴት ከፍ እንደተደረገች አይመለከቱምን ይላል። እኛ ማስተንተን እንለዋለን። ሶላትን አይተካም። ሶላት አይደለምና ተዉት የሚልም አላጋጠመኝም። እናንተ አንድ ስም ብቻ ስለፈለጋችሁ ነው የተጣላችሁት።

አስጎብኚው፦
ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንግዳ ይዤ እገባለሁ። ሁሉም አንገቱን ቀልብሶ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ያያል። ሲወጣ ግን ጽዶቹ ሥር ቆሞ በመነጽር ወፍ የሚፈልገው ፈረንጁ ብቻ ነው። እኛ ጫማችንን አስረን ውልቅ።

የደምቢያ ልጅ፦
ኧረ ልጆቼ፣ ነገር አታክብዱ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ሰማይ ሳያይ የዋለበት ቀን የለም። ልምምድ ምናምን አልነበረም፤ ይዘንባል አይዘንብም ነው። ደመናው ጠቆር ሲል ግን ባርኔጣውን አውልቆ "ተመስገን" ይላል። አንዳንዴም ደመናው ሳይዘንብ ያልፋል። ያኔም ያወልቃል። እኔ ከተማ ገብቼ ስንት ዓመቴ፣ ሰማይ የማየው ልብስ ሳሰጣ ነው።

ቀሃ ማዶ፦
እታለም፣ አባትዎ ደግ ሰው ናቸው። አሁን እኔም የምሬን ላውራ። ተመልከቱ ካላችሁ የቀሃን ወንዝም ተመልከቱ። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው በእሱ ውሃ ነው። ጥር 11 ጸበሉ እንዲደርሰን እንጋፋለን። ሳምንት ሳይሞላ ወንዙ ዳር ፌስታልና ፕላስቲክ ጠርሙስ ተቆልሎ ማንም ዞር ብሎ አያይም። አንገረብ ግድብም በደለል እየተሞላ ነው። ደለሉ ምንድን ነው? ዛፉ አልቆ ከተራቆተው ተራራ የወረደ አፈር ነው። የምንጠጣው ውሃ እኮ ነው! አንድ ሰዓት ዛፍ አይቶ፣ ሲወጣ የውሃ ጠርሙሱን እዚያው ጥሎ የሚሄድ ሰው እኔ አላየም ነው የምለው።

የአዘዞው፦
ቀሃ ማዶ ዛሬ ቁም ነገር አወራህ። እሺ፣ እኔም ላለዝብ። አንድ ካህን ይኑር። በጸሎት ይከፈት፣ በጸሎት ይዘጋ። ሲያበቃ ግቢውም ወንዙ ዳርም ይጸዳ። ለኪዳን ያልተነሣ ደግሞ አይቀመጥ። ስሙን ግን ጸሎት አትበሉት፣ እዚህ ላይ ንቅንቅ የለም።

የቁስቋሟ፦
ስሙን እንተወው፣ ሌላ ቀን እንከራከርበታለን። ግን "ለኪዳን ያልተነሣ አይቀመጥ" ካልክ ቀሃ ማዶን አስወጣኸው።

ቀሃ ማዶ፦
ቆይ፣ ኪዳን ስንት ሰዓት ነው?