«ተጽናንቻለሁ፤ ግን አልጸናሁም» ማለት ምን ማለት ነው?

ዘአቶቴ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። አንድ ዓረፍተ ነገር አስቸግሮኛል። እኛ ሰፈር፣ ሐዋሳ አቶቴ፣ ሐሙስ ማታ በየቤቱ እየዞርን መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን። ባለፈው 2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 ላይ ነበርን። «በመከራችን ሁሉ ያጽናናናል» የሚለው ጋ ስንደርስ፣ በቅርቡ ባሏን የቀበረች ጎረቤታችን ቀስ ብላ «እኔ ተጽናንቻለሁ፤ ግን አልጸናሁም» አለች። ቡና እየተቀዳ ስለነበር ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ማንም መልሶ አልጠየቃትም። የቡድኑ ጸሐፊ እኔ ነኝ። በየሳምንቱ በቴሌግራም ሁለት ዝርዝር እልካለሁ፤ አንዱ የምስጋና፣ አንዱ የጸሎት ርእስ። ይህን የት ላስገባው? ሁለቱ ቃላት ለእኔ እስከ ዛሬ አንድ ነበሩ።

ሰዋስው ይቅደም፦
አንድ አይደሉም፣ ዘመዳሞች ናቸው። ሥሩ የግእዙ ጸንዐ ነው፤ በረታ፣ ጠነከረ ማለት ነው። አማርኛ ዐይኑን ጥሎ ጸና አለው። ተጽናና የሚለው ደግሞ ከዚያው ላይ «ና»ን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ የተሠራ ነው። ዘና ብሎ ተዝናና እንደሚሆነው። ጸና ሲባል ሰውየው በራሱ ቆመ ነው። ተጽናና ሲባል ደግፈው አቆሙት ነው። ጥያቄው ተመልሷል።

የቆሎ ተማሪ፦
ኧረ መቼ ተመለሰ! በግእዝ ማጽናናት ናዘዘ ነው። እመቤታችንን ናዛዚተ ኅዙናን የምንላት ለምን ይመስልሃል? ያዘኑትን የምታጽናና ማለት ነው። ጸንዐ የጉልበት ቃል ነው፣ ናዘዘ የልብ። ግእዝ ለይቶ ያስቀመጠውን አማርኛ አንድ ማሰሮ ውስጥ ከተተው። ሴትዮዋ ሳታውቀው በግእዝ ነው ያሰበችው። ተናዘዝኩ፣ አልጸናሁም ነው ያለችው።

ጠበቃው ከፒያሳ፦
«ተናዘዝኩ» ብላ ቢሆንማ ኖሮ የምትፈልገው እኔን ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል። ሐሙስ ማታ ስንት ሰው ነበራችሁ እህቴ?

የቆሎ ተማሪ፦
ጋሼ ጠበቃው ይቀልዳል እንጂ ያ ኑዛዜም ከዚሁ ነው። ለንስሐ አባቱ የልቡን ተናግሮ የቀለለው ሰው ተናዘዘ ይባላል። የመጨረሻ ቃሉን ተናግሮ ያረፈውም ተናዘዘ ይባላል። ቆይቶ ማጽናናቱ ተረሳ፤ ቤትና መሬቱ ቀረ። አንድ ቃል እንዲህ ሲደኸይ ማየት ያሳዝናል።

አሞራ ገደል፦
እኔ የራሴ ንድፈ ሐሳብ አለኝ። ጸና፣ ጠና፣ ጤና፣ ጡንቻ። አራቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው። የጠና ሰው ጤና አለው፣ ጤና ያለው ጡንቻ አለው። ስለዚህ «አልጸናሁም» ማለት አሞኛል ማለት ነው። ሴትዮዋን ሐኪም ቤት ውሰዷት።

ሰዋስው ይቅደም፦
ጤና ከጥዕየ ነው፤ ግእዙ ጥዒና ይለዋል። ጡንቻን ለሐዋሳው አሞራ ገደል አሣ ነጋዴዎች ተውላቸው።

አሞራ ገደል፦
የአሣ ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ ምን ችግር አለው? ደግሞም «ሕመሙ ጠናበት» አይባልም እንዴ? እዚያ ላይ የበረታው ሰውየው አይደለም፣ ሕመሙ ነው። «ሐዘኑ ጸናባት» ይባላል። እንግዲህ እዚህም «አልጸናሁም» ስትል ሐዘኑ አልጸናብኝም ማለቷ ቢሆንስ? ያኔ ሁለቱም ምስጋና ነው፤ ጸሐፊዋም ትገላገላለች።

ሰዋስው ይቅደም፦
አይሆንም። ያማ ቢሆን «አልጸናብኝም» ትል ነበር። ያለችው «አልጸናሁም» ነው፤ ባለቤቱ እኔ ነው። በዚያ ላይ «ግን» አለች። «ግን»ን የት ልትጥለው ነው?

ነጭ ጋወን፦
ይህ ነገር እኛ ጋ በር ላይ ተጽፎ አለ። ነርስ ነኝ። «ጽኑ ሕሙማን» ይላል። አንድ ቀን አንዲት እናት ከገጠር መጥተው፣ ልጃቸው ውስጥ ነበር፣ በሩ ፊት ቆመው ፊደል በፊደል አነበቡት። «ጽኑ፣ ሕሙማን!» አሉ፣ በርቱ እንደማለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ማን ነው የጻፈው? ይባረክ» አሉኝ። እኔ ምን ብዬ ላርማቸው? ቅጽሉና ትእዛዙ በጽሑፍ አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ በሩን ባየሁ ቁጥር እንደ እሳቸው ነው የማነበው።

ዘአቶቴ፦
እንዴት ደስ ይላል ይሄ። ግን እኔ ዝርዝሩን ነገ ጠዋት መላክ አለብኝ።

ታቦር ሥር፦
እህቴ፣ መልሱ መጽሐፉ ውስጥ አለልሽ። ሮሜ 15፥4ን ክፈቺ። «በመጽናትና መጻሕፍት በሚሰጡት መጽናናት ተስፋ ይሆንልን ዘንድ አስቀድሞ የተጻፈው ሁሉ ለትምህርታችን ተጽፎአልና።» ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንድ ቢሆኑ ጳውሎስ ሁለት ጊዜ ባልጻፈ። በግሪኩማ ጭራሽ አይዛመዱም። መጽናት ሂፖሞኔ ነው፣ ከሸክም በታች መቆየት። መጽናናት ፓራክሌሲስ ነው፣ አጠገብ መጥራት። መጻሕፍት የሚሰጡት የተባለው ሁለተኛው ነው። እሷ ሐሙስ ማታ ቃሉን ሰምታ ሁለተኛውን አገኘች። የመጀመሪያው ደግሞ ዓርብ ጠዋት ባዶ ቤት ውስጥ ሲነጋ የሚጠየቅ ነው። እሱን ነው የለኝም ያለችው።

የቆሎ ተማሪ፦
ደህና ብለሃል። የፓራክሌሲስ ነገር ከተነሣ ግን የመንፈስ ቅዱስን ስም፣ ጰራቅሊጦስን፣ አትርሳ። ግእዙ ሳይተረጉም እንዳለ ነው የተቀበለው። ትርጉም ሲያንስ ስሙን መውሰድ ይሻላል ብለው ነው አባቶቻችን።

ታቦር ሥር፦
የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ተረጎመው። ዮሐንስ 14፥16 ላይ «ሌላ አጽናኝ» ይላል። ያው የግሪኩ ቃል 1ኛ ዮሐንስ 2፥1 ላይ ሲመጣ ደግሞ «ጠበቃ» ሆነ። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥3 ላይ ፓራክሌሲስ «ለመምከር» ሆኖ፣ «ለማጽናናት» የተባለው ሌላ የግሪክ ቃል ነው። ስለዚህ የግሪኩ ቃል እንባ መጥረግ ብቻ አይደለም። ማደፋፈርም፣ መምከርም፣ አጠገብ ቆሞ መከራከርም አለበት።

ጠበቃው ከፒያሳ፦
በመጨረሻ ወደ እኔ ሙያ መጣችሁ። እንደ ባለሙያ ልናገር፦ ደንበኛዬን አጽናንቼ አላውቅም። ክፍያ ስጠይቀው እንዲያውም ያለቅሳል።

የአዳማው፦
እኔ ከአዳማ ነኝ። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጠይቅ። ለቅሶ ቤት «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ነው ወይስ «ያጽናችሁ»? እኛ ቤት በጠ ነው የሚባለው። ባለቤቴ ሐዋሳ ያደገች ናት፣ «የማን አገር አማርኛ ነው» ትለኛለች።

ሰዋስው ይቅደም፦
ሁለቱም ያስኬዳል። ጸ ወደ ጠ ይሄዳል፤ ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር፣ ጸና ጠና። በቃል የሚነገረው ጠ ነው፣ የሚጻፈው ጸ። ቤታችሁ ሰላም ይሁን።

የቆሎ ተማሪ፦
ቆይ! ያጥናችሁ ብለህ ስትጽፈው ከአጠነም ይወጣል። ካህኑ ሕዝቡን አጠነ እንደሚባለው። እንግዲህ አዳማ ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ «እግዚአብሔር ዕጣን ያጭስባችሁ» ነው የምትሉት? የሞተው ላይ የሚታጠነው ይበቃል እኮ።

የአዳማው፦
ለባለቤቴ ይህን እንዳታነበው ስልኬን ደብቄአለሁ።

ነጭ ጋወን፦
«ጥናት»ስ? እኛ ሐሙስ «ጥናት አለን» ስንል ከዚሁ አይደለም?

ሰዋስው ይቅደም፦
ከዚሁ ነው እንጂ! አጠና ማለት መጀመሪያ አጠነከረ ነው። እንጨት ይጠናል፣ ሊጥ ይጠናል፣ ትምህርትም ይጠናል።

የቆሎ ተማሪ፦
የአብነት ትምህርት ቤት ገብተህ ብታውቅ ኖሮ ይህን ከመጽሐፍ አትቃርምም ነበር። እኛ ዜማ እናጸናለን። የኔታ ሌሊት ቀስቅሰው በቃል ያስይዙናል፣ ያልጸናለት ተማሪ ጠዋት ቆሎውን ሳይለምን እዚያው ይደግማል። ቀለሙ ጸና የሚባለው ተኝተህ ብትቀሰቀስም ከአፍህ ሲወጣ ነው። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ ጥናት ማለት ማንበብ አይደለም። ሐሙስ ማታ ምዕራፍ 1ን አንብቦ ቡና ጠጥቶ መበተን ጥናት አይባልም፣ አትቀየሙኝ።

ታቦር ሥር፦
አልተቀየምንም። ግን ሴትዮዋ ቃሉ የተነገራት ቡናው አጠገብ ነው። ሁሉም ሰው ሌሊት ቀስቅሶ የሚያስደግመው የኔታ የለውም።

አሞራ ገደል፦
መጠናናትስ? እኛ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ኅብረት ውስጥ ገና ጥናቱ ሳያልቅ መጠናናቱ የተጀመረ ስንት አለ! በርናባስ «የመጽናናት ልጅ» ተባለ፤ ስንት «የመጠናናት ልጅ» እንዳለ ብነግራችሁ።

ሰዋስው ይቅደም፦
ሐዋርያት ሥራ 4፥36ን ለዚህ አውጥተህ አታውቅም ነበር።

ዘአቶቴ፦
ኢዮብ 16፥2ን ታውቁታላችሁ? «የምታደክሙ አጽናኞች» የሚለውን? ለእናንተ ነው የተጻፈው።

ነጭ ጋወን፦
እውነት ነው። ግን ለእነዚያ ጓደኞቹም ትንሽ ፍረጂላቸው። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ኢዮብ 2፥13 ላይ አለ። እኔ ሥራ ቦታ የማየው ይህንኑ ነው። ጥቅስ ይዞ የመጣ ብዙ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የታማሚውን እግር በጋቢ የሚሸፍን ጥቂት ነው። ሴትዮዋ ለቅሶ ሲሆን ሰው ሞልቶላት ነበር። ድንኳኑ ፈረሰ፣ የዕድሩ ወንበር ተመለሰ። እኔ ብሆን ዝርዝሩ ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ዓርብ ጠዋት ቁርስ ይዤ እሄዳለሁ።

ታቦር ሥር፦
ያ ራሱ ፓራክሌሲስ ነው። አጠገብ መጠራት ማለት።

ጠበቃው ከፒያሳ፦
ተቃውሞ የለኝም። ቁርሱ ጨጨብሳ ከሆነ እኔም በምስክርነት እቀርባለሁ።

አዲስ ገቢ፦
ዘግይቼ ነው የመጣሁት፤ ሁሉንም አላነበብኩም። እህቴ፣ ዋናው ነገር በእምነት ፅናት ነው። ፅኚ በያት።

የቆሎ ተማሪ፦
በመጀመሪያ «ፅናት» አይባልም። ጽናት ነው፣ በጸሎቱ ጸ። ፀሐዩ ፀ ለፀንሰ ነው። «ፅኚ» ብለህ የጻፍክላት መበለት አርግዢ የተባለች መስሏት ብትደነግጥ ተጠያቂው አንተ ነህ።

አዲስ ገቢ፦
የስልኬ ኪቦርድ ነው ወንድሜ፣ ደግሞ ሁለቱም ያው ይነበባሉ።

ሰዋስው ይቅደም፦
ያው ይነበባሉ?! ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የፈጁበትን መዝገበ ቃላት «ያው ይነበባል» ልትለው ነው?

የቆሎ ተማሪ፦
ዛሬ መጀመሪያ ጊዜ ተስማማን።

ሰዋስው ይቅደም፦
በጸ ብቻ። በናዘዘ ላይ ገና አልጨረስንም።

አወያይ፦
የጸ እና ፀ ክርክር ራሱን የቻለ ውይይት አለው፤ እስካሁንም አልተዘጋም። እባካችሁ ወደዚያ አምሩ። ዘአቶቴ፣ ርእሱን ክፍት ልተወው ወይስ ልዝጋው?