ዕቁብ ሳልጨርስ ከአገልግሎት ጠፋሁ፤ ጥሪው ድሮም የኔ አልነበረም ይሆን?

ጠያቂ፦
ሰላም ለናንተ ይሁን። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ 9 ዓመት ሕፃናት አስተምሬያለሁ። ካቻምና ዕቁብ ወጣልኝና የልጆች ልብስ ሱቅ ከፈትኩ። አልሆነም። ኪራዩ እንኳ አልሸፈን ብሎኝ ዕቃውን በኪሳራ ሸጥኩት፣ ዕቁቡንም መጣል አቆምኩ። ዕቁብተኞቹ ደግሞ አብረውኝ የሚያገለግሉ ናቸው። ዋስ የሆነኝ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ከደመወዙ እየቀነሰ ይጥልልኛል፣ እኔ ግን ስልኩን አላነሳም። የማስቀድሰው ሌላ ሰፈር ሄጄ ነው፣ ያውም ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ። እናቴ የቅዱስ ያሬድን ትል ታነሳልኛለች፣ እየወደቀ እየተነሳ ዛፍ ላይ የወጣውን። ታሪኩን እወደዋለሁ። ግን ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ነው የተቸገረው፤ እኔ ያመኑኝን ሰዎች ነው ያሳፈርኩት። እግዚአብሔር ጠርቶኝ ቢሆን ኖሮ እንዲህ እሆን ነበር?

ሰላም ለሁሉ፦
ወንድሜ፣ የማርቆስን ነገር አስበው። ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ወጥቶ ጵንፍልያ ሲደርሱ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (ሐዋ. 13)። ጳውሎስ ዳግመኛ አልወስደውም አለ፣ በዚሁ ከበርናባስ ጋር ተጣልተው ተለያዩ። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞ ቆጵሮስ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል አለው። አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ ቤተ ክርስቲያናችን ለዘመናት ጳጳስ ስትቀበል የኖረችው ከማን መንበር ነው? ከዚሁ ጥሎ ከተመለሰው ሰው፣ ከእስክንድርያው የማርቆስ መንበር። አንተም በርናባስ አለህ፣ ዋስህ ነው። ስልኩን አንሳለት።

የዕቁብ ዳኛ፦
እኔ ዕቁብ እመራለሁና በግልጽ ልንገርህ። ሰው ሲከስር ብዙ አይተናል፣ አብረን አዝነናል። የሚያመን ስልክ ሲዘጋብን ነው። ዳኛህ ጋ ሂድና በወር የምትችለውን ተናገር፣ 500 ብርም ቢሆን። ከዚያ ንስሐ አባትህ ጋ። ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ ሲቀበል በሐሰት የወሰድኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። ዋስህም ቤተሰብ አለው፣ የሱን ሸክም ሳታቃልል ስለ ጥሪ ብታስብ ልብህ አያርፍም።

እናትዬ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ዕዳዬን ጨርሼ እመለሳለሁ ብለህ ደጅ እንዳትቀር ልጄ! ጴጥሮስ የካደው የፍም እሳት ሲሞቅ ነበር። ጌታ በባሕሩ ዳር ሲጠብቀውም ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ያን ሌሊት ለምን እንደካደው አልጠየቀውም። መጀመሪያ ኑ ምሳ ብሉ አላቸው፣ ከበሉ በኋላ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው፣ ከዚያ ግልገሎቼን አሰማራ አለው። አንተ ሕፃናት አልነበር የምታስተምረው?

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ደወልኩለት። ምን እንደምለው እንኳ አላውቅም ነበር፣ ዝም ስል እሱ ቀደመኝ፤ «ምሳ በልተሃል?» አለኝ። ቅዳሜ ዳኛው ጋ አብረን እንሄዳለን።