አዛኝ፣ ባንዳ ወይስ አጫፋሪ? ፋሽዝምን የወደዱ የውጭ ባለጸጎች በአማርኛ ምን ይባላሉ?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የታሪክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ፋሽዝምን ስለወደዱ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የአሜሪካ ሀብታሞች ነው የሚያወራው። ብዙዎቹ የፓርቲ አባል አልነበሩም። ልባቸው ግን እዚያ ነበር። መዝገበ ቃላቱ «አዛኝ» ይለኛል። «የፋሽዝም አዛኝ» ብዬ ጻፍኩና ጆሮዬ አልቀበል አለ። «ደጋፊ» ደግሞ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይከታል። ምን ትሉኛላችሁ? ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የጉለሌው፦
ባንዳ በያቸው። ምን ያስጨንቃል?

ቃል አሳሽ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ጆሮሽ ልክ ነው። በአማርኛ ማዘን የተጎዳ ሰው ይፈልጋል። አዛኝ የሚባለው ለታመመ፣ ለተራበ፣ ለተበደለ ልቡ የሚራራ ነው። የዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ባለቤት ሎርድ ሮዘርሚር ለማንም እየራራ አልነበረም። በጃንዋሪ 1934 «እሰይ ጥቁር ሸሚዞች!» የሚል መንፈስ ባለው ርእስ በራሱ ስም ጽሑፍ አወጣ። ጥቁር ሸሚዝ የፋሽስቶች መለያ ልብስ ነው። ጋዜጣው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ ይሸጥ ነበር። ይህ ሐዘኔታ አይባልም።

አዛኝ የሚለው ቃል የሚሠራበት አንድ ቦታ ግን አለ። «አዛኝ ቅቤ አንጓች» የምንለው ከባለቤቱ በላይ ያዘነ ለሚመስል ሰው ነው። ሙሶሎኒ ኢትዮጵያን ሲወር የመጣሁት ባርነትን ላጠፋና ሥልጣኔ ላመጣ ነው ይል ነበር። ለንደን ውስጥ ይህንኑ እየደገሙ የሚጽፉ የተማሩና የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። በላያችን የመርዝ ጋዝ እየዘነበ ስለ ጥቅማችን ተጨነቁልን። እነዚህን አዛኝ ቅቤ አንጓች ብትያቸው ቃሉ ቦታው ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ ወንድማችን ወደ ጉለሌው። ባንዳ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ጣልያኖች ከአገሬው የሚመለምሉትን መደበኛ ያልሆነ ጦር ነበር እንዲህ የሚሉት። እኛ ዘንድ ሲገባ ግን አገሩን ለጠላት የሸጠ ማለት ሆነ። ስለዚህ ባንዳ ለመባል ሁለት ነገር ያስፈልጋል። የሚከዱት የራስ አገር፣ የሚያድሩለት ጠላት። በ1934 ጣልያን የእንግሊዝ ጠላት አልነበረችም። ሮዘርሚርም ከአገሬ ጥቅም ጋር እየቆምኩ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ለባንዳ የሚቀርበው ኦስዋልድ ሞዝሊ ነው። ሰውየው ባላባት ነው፤ የባሮኔት ማዕረግ ከአባቶቹ ወርሷል። በሌበር (የሠራተኞች ፓርቲ) መንግሥት ውስጥ ሹመት ነበረው፤ በ1930 ለቀቀ። በ1932 የብሪታንያ ፋሽስቶች ኅብረትን መሠረተ። ከሙሶሎኒ ዘንድ በስውር ገንዘብ ይመጣለት ነበር። በ1935 ኢትዮጵያ ልትወረር ስትል ድርጅቱ በጣልያን ላይ የሚጣለውን ማዕቀብ ተቃውሞ ዘመቻ ከፈተ። የዘመቻው ቃል ባጭሩ «ብሪታንያ የራሷን ጉዳይ ትመልከት» ነበር። በእኛ አነጋገር «ምን አገባን» ማለት ነው። ይህን የሚለው ሰው ከወራሪው ኪስ ይቀበል እንደነበር ስታውቂ ምን አገባን የሚለው ቃል ራሱ ይከብድሻል።

ተርጓሚዋ፦
ሆድ አደርስ? ገንዘብ ከተቀበለ ሆድ አደር አይሆንም?

ቃል አሳሽ፦
አይሆንም። ሆድ አደር ለእንጀራው ሲል ኅሊናውን የሸጠ ነው። ቃሉ ስድብ ቢሆንም ችግር እንደነበረ ያስታውሳል። እነዚህ ግን ጠግበው ያደሩ ሰዎች ናቸው። የጎደላቸው ነገር አልነበረም። የፈሩት ያላቸውን ማጣት ነበር። በ1917 ሩሲያ ውስጥ የሆነውን አይተዋል። በ1926 እንግሊዝ ራሷ በጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ተናውጣለች። በዚያው ዓመት ሙሶሎኒ አድማን በሕግ ከለከለ። ለባለ ፋብሪካና ለባለ ርስት ከዚህ የበለጠ የምሥራች የለም። «ሥርዓት አስከበረ» አሉ። ሥርዓቱ በማን ጀርባ ላይ እንደተከበረ ግን አልጠየቁም።

አድርባይም አይሠራም። አድርባይ ከነፈሰው ጋር የሚነፍስ፣ ሥልጣን ወዳለበት የሚዞር ነው። በ1934 ለንደን ውስጥ ፋሽዝም ሥልጣን ላይ አልነበረም። ያስገደዳቸው የለም፤ ወደውና መርጠው ነው። ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። የምንመርጠው ቃል ይህን ፈቃደኝነት መያዝ አለበት።

የኔ ሐሳብ «አጫፋሪ» ነው። አማርኛ የፖለቲካ ቃላቱን ከዘፈን ሜዳ የመበደር ልማድ አለው። አቀንቃኝ ማለት ዘፋኝ ነው። ዛሬ «የእንትን አስተሳሰብ አቀንቃኝ» ስንል አውጪውን፣ መሪውን ማለታችን ነው። ከሱ ሥር ተቀባይ አለ። አጨብጫቢ አለ። አጫፋሪ አለ። አጫፋሪ ዘፈኑን አልፈጠረም፤ ግን አብሮ እየጨፈረ ሜዳውን ያሞቀዋል። እሱ ባይኖር አቀንቃኙ ብቻውን ይጮኽ ነበር። እንግዲህ ሞዝሊን አቀንቃኝ፣ ሮዘርሚርን አጫፋሪ ብትይ አማርኛው ልዩነቱን ራሱ ይነግርልሻል።

አጋፋሪ ከሚለው ጋር እንዳይምታታብሽ። አጋፋሪ በግብር አዳራሽ እንግዳ የሚያስተናግድ ባለሟል ነው፤ የተከበረ ሹመት ነው።

እንዝርት፦
ጋሼ፣ ስለ አሜሪካዊው የመኪና ባለ ፋብሪካ ስለ ሄንሪ ፎርድስ ምን ይላሉ? አጫፋሪ ማለት ለሱ አያንስም? በ1938 ሰባ አምስተኛ የልደት በዓሉ ላይ ከናዚ ጀርመን ትልቅ ኒሻን ተቀብሏል።

ቃል አሳሽ፦
በጣም ያንሳል ልጄ። ደግ አነሳሽው። ከ1920 ጀምሮ የፎርድ ጋዜጣ በአይሁዶች ላይ ተከታታይ ጽሑፍ ያወጣ ነበር። ጽሑፎቹ ተሰብስበው በጀርመንኛ ታተሙ። ሂትለር ራሱ ፎርድን በስም እየጠራ አሞግሷል። እዚህ ላይ ፎርድ ዘፈን ሰምቶ የተከተለ አይደለም። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠውን ሰው አስቢው። ፎርድ ግጥም ሰጪ ነበር። በ1927 በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ግን ያንን ኒሻን ደረቱ ላይ እንዲያንጠለጥሉለት ፈቀደ። ይቅርታው ከልብ እንዳልነበር ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ፈረንሳዊው ባለ ሽቶ ፍራንሷ ኮቲ ደግሞ ሌላ ነው። በሽቶ ያከማቸውን ሀብት በቀኝ አክራሪ ቡድኖችና ጋዜጦች ላይ አፈሰሰ። በ1933 የራሱን ቡድን አቋቋመ። የሱ ሰዎች በፌብሩዋሪ 6፣ 1934 ፓሪስን ባናወጠው ሁከት ላይ ነበሩ። ይህን «ደጓሚ» ወይም በግልጽ «ገንዘብ አፍሳሽ» በይው። ስንቅ አቀባይ እንዳትይው ግን። ያ ቃል ለአርበኞች በሌሊት በሶና ጥይት ያቀበሉ እናቶቻችን ነው።

ንጉሥነቱን ትቶ የዊንድሰር መስፍን የተባለው ኤድዋርድ በኦክቶበር 1937 ጀርመን ሄዶ ከሂትለር ጋር ተገናኝቷል። ለሱ «አድማቂ» ይበቃዋል። መገኘቱ ብቻ ድግሱን አደመቀላቸው።

የጉለሌው፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው። እርስዎ የሚያወሩት ለለንደን አንባቢ ነው። እኔ የማነብበው አዲስ አበባ ተቀምጬ ነው። ያ «እሰይ» የተባለለት ጥቁር ሸሚዝ እኛ ሰፈር መጥቷል። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12፣ 1929 ዓ.ም. (በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 19፣ 1937) ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ጥቁር ሸሚዞች ለሦስት ቀን ቤት ከነሰዉ አቃጠሉ። እጁን ያልዘረጋ ሰው ገደሉ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የፖለቲካ ዩኒፎርም መልበስ ከጃንዋሪ 1፣ 1937 ጀምሮ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ከዚያ ሰባት ሳምንት ቢሆን ነው። በሠለጠነው ከተማ ሸሚዙን መልበስ ተከለከለ፤ በእኛ ከተማ ለባሹ ገደለ። እና ያንን ሸሚዝ በጋዜጣው ያሞገሰውን ሎርድ «አጫፋሪ» ስትሉት ጭፈራ ይመስላል። ደም የለበትም።

ቃል አሳሽ፦
ወንድሜ፣ የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው። ሕመሙም የሁላችን ነው። እኔም የማወራው ለአዲስ አበባ አንባቢ ነው። ግን ባንዳን ለሁሉም ካደልነው የኛው ባንዳ ምን ሊባል ነው? ወንድሙን ለጣልያን ያስያዘውና ለንደን ተቀምጦ ያጨበጨበው በአንድ ቃል ከተጠሩ አንዱ ይቀልለታል። አጫፋሪ ቀላል ቃል አይደለም። በቀረርቶ ሰው እንደሚገደል አገራችን ታውቃለች።

ደሙ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይግባ። «ሮዘርሚር የጥቁር ሸሚዞች አጫፋሪ ነበር» ብሎ ማቆም አይበቃም። ያንን ጽሑፍ ባወጣበት ዓመት፣ በጁን 1934፣ ለንደን ኦሎምፒያ አዳራሽ የሞዝሊ ጥቁር ሸሚዞች ተቃዋሚዎቻቸውን ሕዝብ ፊት ደበደቡ። ሮዘርሚር ከወር በኋላ ከሞዝሊ ድጋፉን አነሣ። ያ ዓመት ሳያልቅ ግን በርሊን ሄዶ ከሂትለር ጋር ማዕድ ቆረሰ። ይህን ጨምሪበት እህቴ። ያኔ አጫፋሪ የሚለው ቃል ክብደቱን ያገኛል።

እንዝርት፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከባለጸጋ ወገን ሆነው እምቢ ያሉም ነበሩ። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ከተማረና ደህና ኑሮ ከነበረው ቤተሰብ ናት። የጣልያን ጦር አዛዥ ባዶልዮ አዲስ አበባ የገባበት ቀን፣ ሜይ 5፣ 1936፣ የጋዜጣዋ የመጀመሪያ እትም ላይ የተጻፈው ቀን ነው። ለኢትዮጵያ ስትጮኽ ኖረች፤ አዲስ አበባ መጥታ እዚሁ አረፈች። የተቀበረችው ቅድስት ሥላሴ ነው። እሷን ምን እንበላት? «ወዳጅ»። ስለዚህ «የፋሽዝም ወዳጅ» የሚለውን አትጠቀሚበት። ቃሉ ተይዟል።

ተርጓሚዋ፦
እንዝርት፣ ይህንን አላሰብኩም ነበር። ወዳጅን ሁለት ቦታ ጽፌዋለሁ፤ አወጣዋለሁ። አንድ የቀረኝ አለ። ጽሑፉ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረችውን ናንሲ አስተርንና በክሊቭደን ቤቷ ይሰበሰቡ የነበሩትን ያነሣል። ከሂትለር ጋር መስማማት ይሻላል ይሉ ነበር እንጂ ፋሽስት አልነበሩም ይላል። እነሱንም አጫፋሪ ልበል?

ቃል አሳሽ፦
አትበይ። እነሱ ጦርነት ፈሩ። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት እልቂት በጎልማሳነታቸው አይተዋል። የነሱ ሥራ «መለማመጥ» ይባላል። ተለማማጭ ጉልበተኛው እንዳይቆጣ የሚያግባባ፣ የጠየቀውን ቆርሶ የሚሰጥ ነው። ችግሩ የሚቆርሰው ከራሱ እንጀራ አለመሆኑ ነው። በዲሴምበር 1935 የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ሰፊውን የኢትዮጵያ መሬት ለሙሶሎኒ ሊሰጡ በምስጢር ተስማሙ። ወሬው ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ይህ የመለማመጥ ጥሩ ምሳሌ ነው። አስተርንም ከዚህ ጋር አስቀምጪያት።

ተርጓሚዋ፦
እሺ። የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር አሁን እንዲህ ሆኗል፦ «ፋሽዝም አቀንቃኞች ብቻ አልነበሩትም። ሳይራቡና ሳይገደዱ ያጫፈሩለት፣ ገንዘብ ያፈሰሱለት፣ ግጥም ያቀበሉት ባለጸጎች ነበሩት፤ የጨፈሩለት ሸሚዝም አዲስ አበባ ገብቶ ገድሏል።» የጉለሌው፣ የመጨረሻዋ ሐረግ ያንተ ናት። ማረሚያ ካለ እስከ ነገ ማታ ላኩልኝ።