አራት ሰዓት ሙሉ ተራራ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ዓሣ ያለበት የተራራ ሐይቅ የቱ ነው?

ጠያቂ፦ የአውሮራ ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ዓሣ ማጥመድ የለመድኩት ሰፈራችን ካለው ኩሬ ነው። ባለፈው ኦገስት ግን ልቤ ተነሳሳና ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ሄድኩ። ካርታ ላይ ደስ ያለኝን አንድ ሐይቅ መርጬ አራት ሰዓት ሙሉ ሽቅብ ወጣሁ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ሥሩ ያለው ድንጋይ ይቆጠራል። ሦስት ሰዓት ስወረውር ውዬ አንድም የነካልኝ የለም። ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘሁት ሽማግሌ ፈረንጅ ዘንጌን አየና «እዚያ እኮ ዓሣ የለም» ብሎኝ አረፈው።

አሁን ጁላይ መጀመሪያ ላይ የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ይመጣል። ዓሣ በዓሣ እናደርግሃለን ብዬ ፎክሬበታለሁ፤ እባካችሁ አታዋርዱኝ። ዓሣ ያለበትን ሐይቅ በምን አውቃለሁ? ያለኝ ተራ ዘንግና ሪል (ክሩ የሚጠቀለልበት) ነው፤ ይበቃል? ከፍታውስ? እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ 2,300 ሜትር ላይ ያደግኩ፤ ምንም የምሆን አይመስለኝም።

የሎንግሞንት ሹፌር

ሽማግሌው እውነቱን ነው። ፓርኩ ውስጥ 156 ሐይቆች አሉ። ዓሣ እየተራባ የሚኖርባቸው ግን 48ቱ ብቻ እንደሆኑ ፓርኩ ራሱ ይናገራል። ከላይ ያለው ውሃ ለእንቁላል በጣም ይቀዘቅዛል፤ መጣያ የሚሆን ጠጠርም የለም። ድሮውንም ከፏፏቴ በላይ ያሉት ሐይቆች ብዙዎቹ ባዶ ነበሩ። ትራውት፣ ማለትም የእነዚህ ተራሮች የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ፣ ገደል አይወጣማ። ያመጣው ሰው ነው፣ በበቅሎ ጭኖ። ከፓርኩ ውጭ ባሉት ተራሮች እስከ ዛሬ ድረስ የኮሎራዶ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጣት የማታህል የዓሣ ጫጩት ከአውሮፕላን ላይ ሐይቅ ውስጥ ይለቃል። አንድ ቀን ለማየት ከምመኛቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ስለዚህ ሐይቅ በውበቱ አትምረጥ። የፓርኩ ድረ ገጽ ላይ ዝርዝር አለ፤ ከእሱ ተነሳ። ዝግ የሆኑ አሉ። ቤር ሌክ ዝግ ነው፤ ዓሣው እግርህ ሥር ሲዋኝ እያየህ ታልፈዋለህ። ይዘህ የምትለቅባቸውም አሉ፣ እንደ ድሪም ሌክ። እዚያ ያለው ግሪንባክ የሚሉት ትራውት ነው፤ የስቴቱ ምልክት የሆነው ዓሣ። እሱን ፓርኩ ውስጥ የትም ብትይዘው ትለቀዋለህ።

ለእናንተ የምመርጠው ዘ ሎክን ነው። ከግሌሸር ጎርጅ መኪና ማቆሚያ ተነስታችሁ ደርሶ መልስ 6 ማይል ገደማ ነው። ሐይቁ 3,100 ሜትር ላይ ነው። መውጣቱ 300 ሜትር ቢሆን ነው፤ እንግዳ አይገድልም።

ፈቃድ አትርሱ። ከ16 ዓመት ጀምሮ የኮሎራዶ የዓሣ ፈቃድ ግዴታ ነው፣ ፓርኩ ውስጥም የሚሠራው እሱው ነው። ዘመድህ የአንድ ቀን መግዛት ይችላል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በበጋ ወደ ቤር ሌክ መንገድ (ግሌሸር ጎርጅም ያለው እዚያው ላይ ነው) ለመግባት ሰዓት የተቆረጠለት ቀጠሮ ይጠይቃሉ። እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት ስለምገባ ቀጠሮ ይዤ አላውቅም። ለዓሣውም የሚሻለው እሱ ነው።

ትል በቆርቆሮ

ወንድሜ፣ ነገር አታብዛ። ትል ወይም ፓወር ቤይት (ሱቅ የሚሸጠውን ሊጥ የመሰለ የዓሣ ምግብ) ይዘህ ሂድ። እኔ በትል አጥቼ አላውቅም።

የሎንግሞንት ሹፌር

ይቅርታ ወዳጄ፣ ፓርኩ ውስጥ በትል ብትያዝ ቅጣት ነው የምታተርፈው። የሚፈቀደው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ ነው። 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ብቻ ይፈቀድላቸዋል፣ እሱም ይዞ መልቀቅ ባልሆነበት ውሃ።

ትል በቆርቆሮ

እሺ፣ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ 😄

የባሌ ልጅ

እኔ ትራውት ያወቅኩት እዚህ አይደለም። ዲንሾ አካባቢ ነው ያደግኩት። ዌብና ዳንካ ወንዝ ላይ ትራውት አለ፤ ከኬንያ አምጥተው ነው የጨመሩት። ልጅ ሆነን ፈረንጆቹ ሲያጠምዱ ቆመን እናይ ነበር። አሜሪካ መጥቼ ያንኑ ዓሣ ተራራ ላይ ሳገኘው አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ተራው ዘንግ ይበቃል። የፍላይ (ዝንብ እንዲመስል ከላባና ከክር የተሠራ መንጠቆ) ልዩ ዘንግ አትግዛ። ቀጭን ክር አድርግ፣ 4 ፓውንድ። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ወፍራም ክር ከሩቅ ያዩታል። ትንንሽ ስፒነር (ሲጎተት የሚሽከረከር የሚያብለጨልጭ ማጥመጃ) ያዝ። ከዚያ ደግሞ ቡብል የሚሉት አለ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ተንሳፋፊ ነው፣ እንቁላል የሚያክል። ግማሹን ውሃ ትሞላዋለህ፤ ያኔ ክብደት ስለሚያገኝ ሩቅ ይወረወራል። ከእሱ ኋላ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክር ትተህ ጫፉ ላይ ፍላይ ታስራለህ። ወርውረህ ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርገህ ትጠቀልላለህ። ቆም፣ ጠቅለል፣ ቆም። ቡብሉ ወደ ጎን ከሄደ ነፋስ እንዳይመስልህ፣ ዘንጉን አንሳ!

የት ልወርውር ካልክ ጅረቱ የሚገባበትና የሚወጣበት ላይ። ሁለተኛው ቦታ ነጣ ያለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ድንገት የሚጠቁርበት ጠርዝ ነው። ደግሞ ልክ እንደደረስክ ሮጠህ ውሃው አፍ ላይ እንዳትቆም። ዓሣው ዳር ዳሩን ነው የሚዞረው። ጥላህን ካየ አበቃ። እኔ የመጀመሪያውን ሁልጊዜ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ርቄ ነው የምወረውረው፤ ዘመዶቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

መለየቱን ግን ተማር። ብሩክ ትራውት ጠቆር ያለ ገላ ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ አለው፤ የታች ክንፎቹ የፊት ጠርዝ ነጭ ነው፣ በኖራ የተቀባ ይመስላል። ግሪንባክና ዘመዶቹ ነጠብጣባቸው ጥቁር ነው፤ አገጫቸው ሥር ቀይ መስመር አለች፣ በቢላ የተቆረጠ ይመስል። ቀይዋን መስመር ካየህ እጅህን አርጥበህ ያዘው፣ ከውሃ ሳታርቅ መንጠቆውን አውጥተህ ልቀቀው። የመንጠቆውን ጢም (ወደ ኋላ የዞረችውን ሹል) ቀድመህ በፒንሳ ብትጨፈልቀው ቀላል ነው። ከብሩክ ትራውቱ ስንት መውሰድ እንደሚፈቀድ እዚያው ዝርዝሩ ላይ አለ።

ለስንቅ በሶ። ሌላ ምንም አልልም።

ሲስተር

የአዲስ አበባው ልጅ፣ አይዞህ ግን አትኩራራ። ከፍታ የለመደ ደም በሳምንታት ውስጥ ይረሳል። አንተ አሁን የ1,600 ሜትር ሰው ነህ። ከቨርጂኒያ የሚመጣው ደግሞ ከባሕር ጠለል ብዙም ያልራቀ ነው። እንደወረደ በማግስቱ ተራራ እንዳትጎትተው። ሁለት ቀን ቤት ያሳርፍ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ቢራውን ይቀንስ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው ዓሣው ቢነክስም ባይነክስም ውረዱ። ክኒን ውጦ ሽቅብ መቀጠል የለም። ግራ ከተጋባ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ ወዲያው ማውረድና እርዳታ መጥራት ነው።

ሌላው መብረቅ ነው። ጁላይና ኦገስት እዚህ ልክ እንደ እኛ ክረምት ነው፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ነጎድጓድ። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ታች መንገድ ላይ መሆን አለባችሁ። የያዛችሁት ረጅም ዘንግ መሆኑን አስቡት።

እማዋይሽ

ሁላችሁም ዋናውን ረሳችሁት። ጁላይ መጀመሪያ ጾም ነው! የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ ጁላይ 12። ኦገስት 7 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አታንሱብኝ፣ አያልቅም። በመሐል ግን ሦስት ሳምንት ከምናምን አላችሁ። በረዶውም እስከዚያ ከመንገዱ ላይ ይለቃል።

የአውሮራ ጀማሪ

እማዋይሽ፣ ተባረኪ። ጉዞውን ወደ ጁላይ 18 አዘዋወርነው።

ሄደን መጣን። 10 ሰዓት ተኩል ላይ በጨለማ በሩን አለፍን። የአክስቴ ልጅ ሦስት ቀን አርፎ ነበር፤ ትንሽ ራሱን ከመክበድ ሌላ ምንም አልሆነም። ስፒነሩ አልሠራልኝም። ቡብሉን ጅረቱ የሚወጣበት ጋ ወረወርኩና ቆም፣ ጠቅለል አልኩ። በሦስተኛው ወደ ጎን ሄደ። ሳወጣው አገጩ ሥር ቀይ መስመር! ለቀቅነው። ከዚያ ዘመዴ ሁለት ብሩክ ትራውት ያዘ፣ እጄን አያህሉም። እኔ ሌላ አላገኘሁም። አምስት ተኩል ላይ ደመናው መጠቆር ሲጀምር ወረድን፤ መኪናው ጋ ስንደርስ በረዶ ያዘነበው ጀመር።

ሁለቱን ዓሣ ማታ ጎናቸውን ተልትዬ፣ ዱቄትና ሚጥሚጣ ነስንሼ ጠበስኳቸው። ለአራት ሰው ሁለት ዓሣ። አሁን ዘመዴ ቨርጂኒያ ሆኖ «እኔ ሁለት፣ አንተ ዜሮ» እያለ በየቀኑ ይደውላል። የለቀቅነው አይቆጠርም ወይ?

የባሌ ልጅ

ይቆጠራል። ፎቶ ካለህ።