በኦኤች ያለቀ ቀመር ሁሉ ቤዝ ነውን? ውህዶችን ከቀመራቸው ስለ መመደብ

ጥያቄ
ውህዶችን ከቀመራቸው ብቻ ኦክሳይድ፣ አሲድ፣ ቤዝ እና ጨው ብዬ መመደብን እየተለማመድኩ ነው። የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ ቀመሩ በሃይድሮጂን ከጀመረ አሲድ፣ በኦኤች (በኦክስጅንና ሃይድሮጂን ጥንድ) ካለቀ ቤዝ፣ ከኦክስጅንና ከሌላ አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ከተሠራ ኦክሳይድ፣ በሜታል ጀምሮ በአሲድ ቅሪት (አሲድ ሃይድሮጂኑን ሲያጣ በሚቀረው ክፍል) ካለቀ ደግሞ ጨው። ደንቡ ለሶዲየም ሃይድሮክሳይድም ሆነ ለካልሲየም ካርቦኔት ያለ ችግር ይሠራል። ይሁን እንጂ ኢታኖል፣ ማለትም ሲ2ኤች5ኦኤች፣ በኦኤች እያለቀ ቤዝ አይደለም፤ አሞኒያ (ኤንኤች3) በበኩሉ ኦኤች ሳይኖረው ከቤዞች ይቆጠራል፤ አሞኒየም ክሎራይድም አንድም ሜታል ሳይኖርበት ጨው ይባላል። ደንቡን ልተወው ወይስ የጎደለውን ልሙላበት?

መልስ 1
ደንቡን አይተዉት፤ ነገር ግን ከፊደላቱ ቅደም ተከተል ይልቅ ኦኤች ከምን ጋር እንደተያያዘ ይመልከቱ። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለቆ ፖዘቲቭ አዮን (ኤሌክትሪካዊ ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ስለሆነ፣ ኦኤች ራሱን የቻለ ኔጋቲቭ አዮን ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባም በቀላሉ ይለያል። በኢታኖል ግን ኦኤች ከካርቦን ጋር ኤሌክትሮን ተጋርቶ ስለታሰረ ተላቆ አይወጣም። የሚገርመው ሰልፈሪክ አሲድም ውስጡ ሲታይ ሁለት ኦኤች መያዙ ነው፤ ኤች2ኤስኦ4 ተብሎ ስለሚጻፍ ብቻ አይታዩንም። ሁለቱም ከሰልፈር ጋር የተያያዙ ሲሆን፣ ሰልፈሩና በዙሪያው ያሉት ኦክስጅኖች ኤሌክትሮን አጥብቀው ስለሚስቡ የሚበጠሰው በኦክስጅንና በሃይድሮጂን መካከል ያለው ትስስር ይሆናል፤ ስለዚህም ውህዱ አሲድ ነው።

አሞኒያን በተመለከተ፣ ቤዝን ኦኤች በመያዙ ብቻ የሚለየው የአሬኒየስ አገላለጽ አይበቃም። ብሮንስቴድ እና ላውሪ በ1923 በየፊናቸው ባቀረቡት አገላለጽ ቤዝ ማለት ፕሮቶን (ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጂን) ተቀባይ ነው፤ አሞኒያም ከውሃ ፕሮቶን ወስዶ አሞኒየም አዮን ሲሆን ሃይድሮክሳይድ አዮንን ይተዋል። አሞኒየም ፖዘቲቭ አዮን በመሆኑ በጨው ቀመር ውስጥ የሜታልን ቦታ ይይዛል።

መልስ 2
በኦክሳይዶች ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «የሜታል ኦክሳይድ ቤዛዊ፣ ሜታል ያልሆነ ንጥረ ነገር ኦክሳይድ አሲዳዊ ነው» የሚለው አባባል ለጀማሪ ጥሩ ቢሆንም፣ የኦክሲዴሽን ቁጥር (አቶሙ በውህዱ ውስጥ እንዳለው የሚታሰበው ቻርጅ) ካልታየበት ያሳስታል። ማንጋኒዝን እንውሰድ። በኤምኤንኦ ውስጥ ቁጥሩ 2 ስለሆነ ኦክሳይዱ ቤዛዊ ነው። በኤምኤን2ኦ7 ግን ሰባቱ ኦክስጅኖች እያንዳንዳቸው ኔጋቲቭ 2፣ በድምሩ ኔጋቲቭ 14 ስለሚይዙ ለእያንዳንዱ ማንጋኒዝ ፖዘቲቭ 7 ይደርሰዋል፤ ይህም የሜታል ኦክሳይድ ሆኖ ሳለ ከውሃ ጋር ፐርማንጋኒክ አሲድ የሚሰጥ አሲዳዊ ኦክሳይድ ነው። የዚንክና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶች ከአሲድም ከቤዝም ጋር ስለሚጣመሩ አምፎቴሪክ ይባላሉ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በተለምዶ ከገለልተኞቹ ይመደባል።

ኤንኤ2ኦ2ንም ይጠንቀቁ። ሶዲየም በውህዶቹ ውስጥ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ 1 ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ኦክስጅን የሚተርፈው ኔጋቲቭ 1 ነው፤ ስለዚህ ውህዱ ፐርኦክሳይድ (ሁለት ኦክስጅኖች እርስ በርስ የተያያዙበት) እንጂ ተራ ኦክሳይድ አይደለም።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የኦኤች ነገር አሁን ግልጽ ሆኖልኛል። በሜታል ጀምሮ መሃሉ ላይ ሃይድሮጂን የያዘ ሁሉ አሲዳዊ ጨው ነው ማለት ይቻላል?

መልስ 3
አብዛኛውን ጊዜ አዎን፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሶዲየም ሃይድሮጂን ካርቦኔት አሲዳዊ ጨው የሚባለው ከካርቦኒክ አሲድ ሁለት ሃይድሮጂኖች አንዱ በሜታል ሳይተካ ስለቀረ ነው፤ ስያሜው ይህን እንጂ የሙሙቱን ጠባይ አይናገርም፤ በውሃ ሲሟሟ እንዲያውም በመጠኑ ቤዛዊ ነው። ኤንኤ2ኤችፒኦ3 ላይ ግን ደንቡ ይሰበራል። ይህ ጨው የተገኘበት አሲድ ኤች3ፒኦ3 ሦስት ሃይድሮጂን ቢኖረውም፣ ከኦክስጅን ጋር የተያያዙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛው በቀጥታ ከፎስፈረስ ጋር ስለታሰረ በሜታል አይተካም። በመሆኑም መሃሉ ላይ ሃይድሮጂን እያለ ጨዉ መደበኛ ጨው (በሜታል ሊተካ የሚችል ሃይድሮጂን ያልቀረበት) ነው። ይህን በተለመደው ቀመር ማየት ስለማይቻል፣ አሲዱን ኤችፒኦ(ኦኤች)2 ብለው ቢጽፉት የሚተኩት ሁለቱ ሃይድሮጂኖች ወዲያው ይለዩልዎታል።