የቦርከና ዳር መንገድ፦ ማመልከቻችንን እንጨርስ

ፀሐፊዋ፦ ሰላም ናችሁ? እዚህ ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ ዳር የእግረኛ መንገድ እንዲሠራልን ለምናቀርበው ማመልከቻ፣ ባለፈው ሳምንት አምስታችን አዲስ አበባ ወርደን የወንዝ ዳሩን የእግረኛ መንገድ አይተን መጥተናል። እዚያ ሥራው በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን የታሰበው 56 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ፣ በ29 ቢሊዮን ብር። እኛ ያን ያህል አንመኝም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ነበርና ጠዋት የሚያብረቀርቀው ንጣፍ ላይ እትዬን አዳለጣቸው፤ ክንዳቸውን ይዤ ነው የተረፉት። ቀና ብለው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይሄን ድንጋይ ኮምቦልቻ እንዳታመጡብኝ።» የመጀመሪያው ነጥብ ተገኘ። ሌላውን እናንተ ጨምሩ።

እትዬ፦ አልዋሸችም። ወንበሩም ሞልቷል፣ ግን ፀሐይ ላይ። ቀትር ላይ ማን ይቀመጥበታል? እዚህ ደሴ አይደለም፣ ይሞቃል። መጀመሪያ ዛፍ፣ ከዚያ ወንበር።

ወጣቱ፦ እኔ 4 ኪሎ ሜትር እንጠይቅ ባይ ነኝ። ትንሽ ከጠየቅን የትንሽ ትንሽ ነው የሚሰጡን። ንጣፉ ደግሞ ኮብልስቶን ይሁን፤ የሰፈር ልጆች ሥራ ያገኛሉ።

ሐጂ፦ አብሽር ልጄ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ግን ነገ ጠዋት ወንዙ ዳር ውረድና ዛፎቹን እያቸው። እኔ ትናንት አንድ ግራር ሥር ቆሜ ቀና ስል፣ ጥቁር ፌስታል ቅርንጫፉ ላይ ተጠምጥሟል። ከራሴ በላይ፣ በክንድ ያህል። ማን ሰቀለው? ነሐሴ ላይ የመጣው ውሃ ነው። ቦርከና ከደሴ እኛ ጋ እስኪደርስ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ የሐረጎን ቁልቁለት በመኪና የወረደ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ነው የሚመጣው። መንገድ ሥራ ላይ እያለሁ የኖራ ምልክት ከማመን እንዲህ ያለ ፌስታል ማመን ይሻለኝ ነበር። መንገዱ ከፌስታሉ በላይ ይሁን። ዳሩ የተበላበት ቦታ ጋቢዮን፣ ያ ድንጋይ የሚሞላው የሽቦ ሳጥን፤ ከጋቢዮኑ ጀርባ ደግሞ ሥሩ አፈር የሚይዝ ቬቲቨር ሣር።

ወጣቱ፦ ሐጂ፣ ያን ከፍታ ይዘን 4 ኪሎ ሜትር አናገኝም እኮ። ቤቶች አሉ።

ሐጂ፦ ለዚህ ነው ለሙከራ 600 ሜትር ይበቃል የምለው። እሱ ሁለት ክረምት ይቁም፣ ቀሪውን ራሳቸው ሰዎቹ ይጠይቃሉ።

ሰርቬየሩ፦ ከሐጂ ጋር ነኝ። ኮብልስቶኑ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ፤ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነው የሚሄደው። ስፋቱን 3 ሜትር ብናደርግና መሃሉን ሜትር ተኩል ኮንክሪት፣ ግራና ቀኙን ኮብልስቶን ብናደርገውስ? ኮንክሪቱ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይጫር፣ እትዬን አያዳልጥም። መግቢያው ላይ ደረጃ ሳይሆን ተዳፋት፤ ለ1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ይሄ ያስማማናል። ባጃጅስ? ሳምንት ሳይሞላው አቋራጭ ያደርጉታል።

ሰርቬየሩ፦ የብረት ምሰሶ። ዊልቸር የሚያሳልፍ፣ ባጃጅ የማያሳልፍ። በምሰሶዎቹ መካከል 90 ሳንቲሜትር ክፍተት ይበቃል።

ሲስተር፦ ከእኔ በኩል ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ለንጣፉ አፈር የሚቆፈርበት ጉድጓድ ሳይደፈን እንዳይቀር። ኮምቦልቻ ወባ አለ፤ ውሃ ካቆረ ለትንኝ ቤት ሠራንላት ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ውሃው የሚያወርድ ደረጃ አይሠራ። የከተማውም የፋብሪካውም ፍሳሽ የሚገባበት ውሃ ነው፤ ልጆች እንዲነከሩበት አንጋብዝ። ከእኛ በታች ጨፋ ላይ ከብት ይጠጣዋል፣ እሱም አይረሳ።

እትዬ፦ ቆሻሻውስ ከላይ አይደል የሚመጣው? ደሴ የተጣለ እኛ ጋ ነው የሚሰቀለው። የሐጂ ፌስታል የማን ይመስላችኋል?

ወጣቱ፦ 😂 የደሴ ሰው ሲሰማ!

ሰብሳቢው፦ ቀልዱ እንዳለ ሆኖ እትዬ ትክክል ናቸው። ደሴ ያሉ ወዳጆቻችንም እንዲፈርሙ እንጠይቅ። ወንዙ አንድ ነው፣ ማመልከቻውም አንድ ይሁን። እስካሁን የተስማማነውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ አርሙኝ፦

«እኛ ስማችን ከታች የተዘረዘረው ነዋሪዎች፣ በቦርከና ዳር ለሙከራ 600 ሜትር የእግረኛ መንገድ እንዲሠራ እንጠይቃለን። መንገዱ የክረምቱ ውሃ ከደረሰበት ከፍታ በላይ ይሁን። ንጣፉ የማያዳልጥ፣ ለዊልቸርና ለምርኩዝ የሚመች ይሁን። ሥራው ሳይጀመር ጥላ የሚሆኑ ዛፎች ይተከሉ፤ ችግኙንና ውሃ ማጠጣቱን እኛ እንችላለን። ከላይ ከደሴ ጀምሮ ቆሻሻ ወደ ወንዙ እንዳይጣል ሁለቱ ከተሞች በጋራ እንዲሠሩ እናሳስባለን።»

ሐጂ፦ «የክረምቱ ውሃ» አይበቃም። የትኛው ክረምት ይሉናል። ግራሩን ፎቶ አንስተን፣ ከፍታውን ለክተን እናያይዝ።

ፀሐፊዋ፦ እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ድልድዩ ጋ እንገናኝ። ሜትር ማን ያመጣል?

ሰርቬየሩ፦ እኔ፣ 50 ሜትሩን። ፌስታሉን ግን እስከዚያ ማንም እንዳያወርደው።