ትንሽ ቤት፣ አየር የማያሳልፍ ግድግዳ፣ እና ምጣድ፦ የትኛው ቬንቲሌሽን ይሻለናል?

ጠያቂ (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት እያስገነባን ነው፤ 900 ስኩዌር ፊት፣ ሁለት መኝታ። ኢንሱሌሽኑ ጥሩ ስለሆነ በግድግዳው አየር አያልፍም ማለት ይቻላል። አንዱ ኮንትራክተር "የመታጠቢያ ቤት ፋን ይበቃችኋል" ይላል። ሌላው ኤችአርቪ (HRV)፣ ሦስተኛው ኢአርቪ (ERV) የሚባል የአየር መለዋወጫ ማሽን አስገባ ይሉኛል። አሁን ባለንበት አፓርትመንት እንጀራ በተጋገረ ቁጥር መስኮቱ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ጥጉ ሁሉ ሻግቷል። አዲሱም ቤት እንደዚያ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

መልስ (ሚኒያፖሊስ፣ በሙያው የምሠራ)፦
ወንድሜ፣ ፋን ብቻውን አየር ያወጣል እንጂ የሚገባውን አይመርጥም። በጥር በየስንጥቁ ብርድ ይስብብሃል። ኤችአርቪና ኢአርቪ ግን የቆየውን አየር ሲያወጡ ሙቀቱን ለሚገባው ያስተላልፋሉ። ልዩነታቸው እርጥበት ላይ ነው፦ ኢአርቪ እርጥበቱንም በከፊል ይመልሳል፣ ኤችአርቪ ወደ ውጭ ያወጣዋል።

የሚያስፈልገው የአየር መጠን አሽሬ (ASHRAE) የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው 62.2 ደረጃ ይሰላል። 900 በ0.03 ሲባዛ 27። የመኝታ ቤቱ ቁጥር ሲደመር አንድ፣ በ7.5 ሲባዛ 22.5። ስለዚህ ያለማቋረጥ ወደ 50 ኪዩቢክ ፊት በደቂቃ ያስፈልግሃል። ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?

ጠያቂ፦
አራት። እናቴ ስትመጣ አምስት።

መልስ (ሚኒያፖሊስ)፦
በትንሽ ቤት አምስት ሰውና ምጣድ? እርጥበቱ ይበዛል፤ እኔ ብሆን ኤችአርቪ። ሁለት ሰው ብትሆኑ ኢአርቪ እልህ ነበር፤ የክረምቱ ድርቀት ከንፈር ይሰነጥቃል። የበጋውን ወበቅ ኤሲው ይችለዋል። ብቻ ኤችአርቪው በረዶ ሲይዘው ራሱ የሚያቀልጥ መሆኑን ጠይቅ።

መልስ (ጎተንበርግ፣ ስዊድን)፦
እዚህ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በሰከንድ 0.35 ሊትር ነው የሚፈለገው። ላንተ ቤት ብናሰላው 62 ኪዩቢክ ፊት በደቂቃ ገደማ ይመጣል፤ ስለዚህ 50ውን ጣሪያ አታድርገው። ተለቅ ያለ ማሽን ገዝተህ በዝግታ አሠራው። የእኛ ትንሽ ስለነበር ሙሉ ኃይሉን ሲሠራ ይጮሃል፤ ባለቤቴ ማታ ማታ ታጠፋው ነበር። የጠፋ ማሽን ምን ይሠራል? ደግሞ ከመኝታ ቤት ግድግዳ ጋር አታጣብቀው። ማጣሪያውም ያለ መሰላል የሚደረስበት ይሁን፤ አለበለዚያ ማንም አይቀይረውም።

መልስ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሦስት ልጆች እናት)፦
ወንድሞቼ፣ ስለ ማሽኑ ብዙ አላችሁ፤ ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ ግን ማንም አልጠየቀም! እኔ ጥሩ ሁድ (ከምድጃ በላይ የሚሰቀል የእንፋሎትና የጭስ መሳቢያ) አስገጥሜ ምጣዱን የምሰካው ከዚያ ማዶ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እንፋሎቱ ሁዱን ሳያይ ጣሪያ ይደርሳል። ግድግዳው ሳይዘጋ ከሁዱ ሥር የራሱ ሶኬት ይሠራለት፣ ምጣዱ የሚያርፍበትም ቦታ ይተውለት። ሁዱም አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ይሁን፤ አጣርቶ እዚያው የሚመልሰው ለእንፋሎት አይረባም።

መልስ (ሚኒያፖሊስ)፦
እህቴ ልክ ነሽ፣ አፈርኩ። ሁዱ ከኤችአርቪ ጋር ግን አይገናኝ፤ ቅባት ውስጡን ይደፍነዋል። ቡና ስታፈሉም ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ። በታሸገ ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል፤ ኤችአርቪ አያድንም። አንድ የቀረኝ፦ የውሃ ማሞቂያችሁ በጋዝ ነው? ኃይለኛ ሁድ የጋዙን ጭስ መልሶ ወደ ቤት ሊስብ ይችላል።

ጠያቂ፦
በኤሌክትሪክ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ኤሌክትሪሻኑ ሐሙስ ይመጣል፤ የምጣዱን ሶኬት አስቀድማለሁ።